እሷ ናት የወሰደችኝ

ለምወድሽ እናቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደግፊያለሽ ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ምርኩዝ እሺ ብለሽ ያዝሽ? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ ፔዳሏ ብቻ ብርድ ሲሆን እንዳንቺ ጉልበት ይንቋቋል። እዚህ ጋ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂና ጨርሺ፣ ቁም ነገር አለኝ።

እህል ነጋዴውን አላገባውም። ወንድሜ ቃል ሰጥቶታል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እሺ እንድልም ልኮብኛል። ሰውየው ክፉ አይደለም። አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ዙሪያውን ሲያይ ቆየና ከተጋባን በኋላ መኪናዬን የማስቀምጥበት ጓዳ እንዳለው ነገረኝ። መስኮት አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ስለ መስኮት ለምን እንደጠየቅኩ አልገባውም። እማዬ፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ቆማ ቀረች እንደሚሉኝም እሰማለሁ። እዚያ ጓዳ ውስጥ ከምቀመጥ ቆሜ ብቀር ይሻለኛል።

አሁን ስለ ሌላ ሰው ልንገርሽ። የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ነው፤ በሞተር ከመንደር መንደር ይዞራል። በዚህ ከተማ ሴት ልብስ ሰፊ ወንድን በሜትር እንደማትለካ ታውቂያለሽ። ወንዱ አሮጌ ሱሪውን በሚስቱ ወይ በእህቱ ይልካል፣ እኛ እሱን አይተን እንቆርጣለን። ይሄ ሰው ግን ሚስትም እህትም የለው፣ አሮጌ ሱሪ የተባለውም የለበሰው ነው። ሜትሩን ከጠረጴዛው ማዶ አቀበልኩት። ራሱን እየለካ ጮክ ብሎ ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲለካ ልኩ እንደሚያጥር እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ ወንድ ልጅን ቀና በል ማለት አፈርኩ። ሱሪው አራት ጣት አጥሮ አረፈው።

መጥቶ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ለብሶት በገበያው መሃል አለፈ። ሰው ሳቀበት። ዳቦ ጋጋሪው ጎርፍ መጣ እንዴ ብሎ ጠየቀው። እሱም አብሮ ስቆ፣ የለካሁት እኔ ነኝ፣ ልብስ ሰፊዋ የነገርኳትን ነው የሰፋችው አለ። ከሱቄ ሆኜ ሰማሁት። ወንድ ልጅ በአደባባይ ጥፋቱ የኔ ነው ሲል ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፣ ያውም ያላጠፋውን። ሌሊቱን ሙሉ ሲገርመኝ አደረ። በማግስቱ አስጠርቼው እውነቱን ነገርኩት፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼም በገዛ እጄ ለካሁት። መንገደኛው ሁሉ አየን። አየን እንጂ ሰማይ አልተደፋብንም።

ከዚያ ወዲያ ወሬ ለመድን። ሰው ሁሉ ምን ምን ሙያ እንዳለኝ ነው የሚጠይቀኝ፤ እሱ ምን ማየት እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ከድልድዩ ማዶ አለ የሚባለውን ሐይቅ አልኩት። እወስድሻለሁ ይለኛል ስል የሞተሩን ቁልፍ አውጥቶ ጨርቁ ላይ አስቀመጠልኝ። ሦስት ሳምንት አስተማረኝ። ሁለት ጊዜ ወድቄ ክርኔ ተልጧል፣ አትደንግጪ፣ ድኗል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ እኔ ነዳሁ፣ እሱ ከኋላዬ ተቀመጠ። ሥራውን ያላቆመ ሰው አልነበረም። ሐይቁን በወሬ አውቀው ነበር፤ ይህን ያህል ነው ብሎ የነገረኝ ግን የለም። ማዶው አይታይም፣ እማዬ። ይሄ ሁሉ ውሃ ከሱቄ አርባ ደቂቃ ላይ ተኝቶ እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስተክል ኖሬያለሁ። አለቀስኩ። እሱ አላባበለኝም፣ ምን ሆንሽም አላለኝም። ጫማውን አውልቆ ውሃው ዳር ተቀመጠና እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ስንመለስ ዳቦ ጋጋሪው መንገድ ላይ ወጥቶ ጠበቀን። እኔን እንደሌለሁ ቆጥሮ፣ ወዴት ነው የወሰድካት ብሎ እሱን ጠየቀው። እኔ አልወሰድኳትም፣ እሷ ናት የወሰደችኝ አለው። እዚህ ስለ ሴት ሲወራ ተወሰደች ነው፣ ተሰጠች ነው፣ ተዳረች ነው። ወሰደች ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሞተሩን ማጥፋት እንኳ ረስቼ ዞሬ አየሁት። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ከየት እንደበቀለ እስካሁን ይደንቀኛል።

በሚቀጥለው ወር ሥራው ወደ ሐይቁ ማዶ ይዛወራል። አብሬው መሄድ እፈልጋለሁ። ሳትመርቂኝ ግን አልሄድም፤ ልሂድ ብልም እግሬ እሺ አይለኝ።

ይህን ሁሉ ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች ጽፌልሽ ነበር። ያስጻፍሽልኝ መልስ ግን ስለሚያፈሰው ጣሪያ ብቻ ሆነ። ያኔ ገባኝ፤ ወንድሜ ሲያነብልሽ የማይጥመውን ይዘለዋል። ተቀይሜዋለሁ፣ አጠገብሽ ካለ ይስማ። ስለዚህ ይሄኛውን ለፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። አንዲት መስመር እንዳይዘል ቃል ያስገባሁት ሰው ይዞልሽ መጥቷል። ሙገሳው ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ብሎ ከሆነ አፍሮ ነውና ድገመው በዪው።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ይጠግንልኝ፣ ጥላሽን አያሳጣኝ። አልወደድኩትም ካልሽ ለእሱው ንገሪው፤ ቃልሽን ሳያጎድል ያደርስልኛል። ከወደድሽው ግን፣ እማዬ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ ነው የመጣው፣ ካልተባለ ደግሞ አይቀመጥም። ቁጭ በል በዪው።

ልጅሽ