ለአባባ የመረጥኩት የኳስ መለኪያ

ለምወድሽ እታለም፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ያ ቀኑን ሙሉ መቆም ያመጣብሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደኅና ነኝ እያልሽ ታልፊዋለሽ? ባልሽ ጋሼስ? ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? እኔም ባለቤቴም ደኅና ነን፤ ቤቱም እንደተውሽው ቆሟል። የተቀመጥኩት ግን ስለ አባባ ቁርጡን ልነግርሽ ነው። እንዳልነግርሽ አስምለውኛል፤ መሐላዬን አውቄ እያፈረስኩ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽም ጆሯቸው ግድግዳ አልፎ ስለሚሰማ ነው።

እማማ ካረፈች ወዲህ አባባ ጎልፍ ሜዳ መሄድ ትተው ክፍላቸው እንደሚውሉ ስነግርሽ፣ የተመታች ኳስ ስንት ሜትር እንደሄደች የሚለካ መሣሪያ ግዛላቸውና ቤት ውስጥ ይለማመዱ ብለሽኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲያሠለጥን የኖረ እጅ ሥራ ሲፈታ ያረጃል ያልሽው ልቤ ገባና በማግስቱ ዕቃ ቤቱን ባዶ አደረግሁት። አባባ እምቢ እምቢ ብለው ሲደክማቸው የመጥረጊያውን እንጨት አነሡና፣ ጣሪያው ይበቃ እንደሆነ ልሞክር ብለው አንድ ጊዜ ቢሰነዝሩት አምፖሉን አረገፉት። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው አምፖሉን አላዩትም።

ሱቅ ውስጥ የቆየሁትን ብታይ ትስቂብኝ ነበር። አንዱ መሣሪያ ከኳሷ ኋላ ተቀምጦ በራዳር በረራዋን ይከተላል፤ እሱ ኳሷ ራቅ ብላ እንድትበርለት ይፈልጋል፣ የእኛ ዕቃ ቤት ደግሞ ከኳሷ እስከ ምቱን የሚይዘው መረብ ሦስት ሜትር ተኩል አይሞላም። ሌላው ዓይነት ከጎን ሆኖ፣ ዱላው ኳሷን ሲነካ በካሜራ ያነሣታል። ለጠባብ ክፍል የሚሆነው ይኸኛው ነው። ከእሱም ሁለት ነበር፤ አንደኛው ርቀቱን በድምፅ ይናገራል፣ ሁለተኛው ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ስክሪን ሜዳውን ከነዛፉ ያሳያል። ሻጩ የሚናገረውን አንሣ ቢለኝ፣ አባቴ የሚያወራው ሰው አላጣም ብዬ አፉን አስያዝኩት። ባለ ስክሪኑን ተሸክሜ እየተኩራራሁ ቤቴ ገባሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ደስ ብሎን ሰነበትን። አባባ ከቁርስ በኋላ ገብተው ይመታሉ፣ ወደ ስክሪኑ ቀና ይላሉ፣ መልካም ናት ወይም ወደ ግራ ሾለከች ይላሉ። ባለቤቴ እንኳ አባባ ነፍስ ዘሩ አለች። ባለፈው ማክሰኞ ሻይ ይዤላቸው ብገባ የስክሪኑ ገመድ ከሶኬቱ ተነቅሏል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር ነገር ብቻ ነው። አባባ ኳሷን መቱ፣ ያንን ጥቁር ነገር ትኩር ብለው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ዛሬስ ሩቅ ሄደች አሉኝ። እታለም፣ ብርጭቆውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ።

ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። ሲያስተምሩ ጀርባቸውን ለተማሪው ሰጥተው፣ የምቱን ድምፅ ብቻ እያዳመጡ እጅህ ቀደመ፣ ትከሻህን ለቀቅህ ይሉ እንደነበር ታውቂያለሽ። እኛ የሙያ ረቂቅነት ነው እያልን ስንኮራበት፣ እሳቸው በዚያ ልማድ ተከልለው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ሳያዩ አስተማሩ። ሜዳውን የተዉት በእማማ ኀዘን አልነበረም። አንድ ቀን ተማሪያቸው ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሳለ ዱላ ሊሰነዝሩ ሲሉ ሌላ ሰው ጮኾ አስቆማቸው፤ ከዚያ ወዲያ እግራቸው ሜዳ አልረገጠም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ኳሶቹን አንድ በአንድ እየዳበሱ ቅርጫት ውስጥ ሲመልሱ ነው። 

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። የቀኙ ጨርሶ ጠፍቷል። በግራው፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለ ፊት ይለያሉ። ሐኪሟ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንደምትሞክር፣ ስንት ወር እንደሚቆይ ግን ቃል እንደማትሰጥ ነገረችኝ። ድሮ ለትንሹም ለትልቁም ዓይኔን ግንባር ያድርገው እያልኩ እምል ነበር፤ አሁን አፌ አይደፍርም። በአንድ ገበታ እየበላሁ ይህን አለማየቴን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

መሣሪያውን መልሼ የሚናገረውን አመጣሁላቸው። ሻጩ ራሱ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን አባባ ይመታሉ፣ መሣሪያው ርቀቱን ይናገራል፣ እሳቸው ውሸታም እያሉ ይከራከሩታል።

ትናንት ግን በመሃል ዱላውን አስቀመጡና የእታለምን ፎቶ አምጣ አሉኝ። መስኮቱ ጋ ወስደው አፍንጫቸው እስኪነካ አስጠጉት። ይህ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ፊቷ ነው፣ አሁን ሸብታለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። በስልክ እያየንሽ ስናወራ አምሮባታል፣ ወፈር ብላለች ይሉ የነበረው ለካ እኛ ስንል ሰምተው ነው። በጆሮ ግንዷ በኩል ጀምሯታል አልኳቸው። እናቷንም የጀመራት በዚያው በኩል ነው አሉና ፎቶሽን ኪሳቸው ከተቱት። ያን ጊዜ ነው ያስማሉኝ፤ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ልጆቿ ይጎዱብኛል ብለው።

ፈቃድሽን አጠራቅመሽ በሚቀጥለው ዓመት ልትመጪ እንዳሰብሽ አውቃለሁ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል፤ የሚቀጥለው ዓመት ለአባባ ዓይን ሩቅ ነው። ሥራሽን ተዪ አላልኩሽም። አሠሪዎችሽን ዐሥር ቀን ፈቃድ ለምኛቸው፣ ካልሰጡሽ አምስት። አባባ ቢቆጡ ቁጣው በእኔ ይሁን።

ጋሼን በጣም እንደናፈቅሁት ንገሪልኝ፤ አሁን እንዳይከለክልሽ አደራ በይው። ትልቋን ለትምህርቷ እንድትበረታ ምከሪልኝ፣ ትንሹን ደግሞ አጎትህ ስሞሃል በይልኝ። ባለቤቴ አልጋሽን ከአሁኑ አንጥፋልሻለች። አባባ ሰላምታ አላሉሽም፤ መጻፌን አያውቁም።

ስትመጪ በቀን ግቢ። እንደ ልማድሽ ከበር ጀምረሽ አባባ እያልሽ አትጥሪያቸው። ድምፅሽን ሳይሰሙ ቀርበሽ በመስኮቱ በኩል ፊታቸው ቁሚና ዝም በይ፤ በዓይናቸው ይወቁሽ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአባባ ቤት፣ ኅዳር 9 ቀን