የጋሽ ሞላ ቆርቆሮና የአባባ ጭቃ

ሰኞ፣ ግንቦት 3
ዛሬም ለአንደኛ ክፍሎች ሳነብ ሁለት ሕፃናት ታሪኩ ሳያልቅ ተኙብኝ። አነባበቤን አልጠራጠርም፤ ጥፋቱ የቆርቆሮው ነው። የአንደኛ ክፍል ግድግዳ ከስድስት ሰዓት በኋላ እጅ አያስነካም። የመርሳ ከተማ ግንቦት እንዲህ ነው።
ስሚ ደብተሬ፣ አዲሱ የንባብ ክፍልም ቆርቆሮ ሊሆን ነው። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሞላ ከወልድያ በአይሱዙ አስጭነው መጡ፤ ግቢው ውስጥ ተከምሮ ያብለጨልጫል። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ኃላፊ መ/ር ዳዊት ግን በጭቃና በጭድ እንሥራው፣ ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም ከዚሁ ይገኛል ብሎ ተከራከረ። ጋሽ ሞላ ሳቁ። እስከ ቅዳሜ 22 ናሙና ግድግዳ አሳዩን አሉ። ካልሆነ ቆርቆሮው ይቆማል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5
ትናንት ጠዋት ጭቃ ረገጥን፣ ከሰዓት መረግን። መ/ር ዳዊት በአንድ እጁ ከሥልጠና ያመጣው ሥዕል፣ በሌላው ጭቃ። ዛሬ ግድግዳው እንደ አባባ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።
አባባ ማለት አያቴ። የመርሳን ግማሽ ጭቃ ቤት የመረጉት እሳቸው ናቸው፤ ሌላውን ግማሽ ሲተቹ ኖረዋል። እርዱን አልኳቸው። ጭቃ ለመማር ነው ወይ ት/ቤት የላክንሽ አሉ። እኛ ከጭቃ ለመውጣት ዕድሜያችንን ፈጀን፣ እናንተ ደብተር ይዛችሁ ተመለሳችሁበት። ብሎኬት ክብር ነው። ከሰዓት ግን ክብሩን ብሎኬት ቤታችን ውስጥ ትተው ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ። ለአየር ነው ይላሉ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6
ኃጢአት ሠራሁ። ትንሽ። ቁርስ ላይ ለአባባ፣ መ/ር ዳዊት ጭቃን አሰንብቶ ማብላላት የድሮ ሰው ወሬ ነው አለ አልኳቸው። እሱ እንዲህ አላለም። አባባ ሻያቸውን አስቀመጡ። ዱላቸውን አነሱ። እኔ ከኋላ።
ግቢ ገብተው ጭቃውን አሸተቱ። "ይሄ ጭቃ ነው ሾርባ?" መ/ር ዳዊት ግራ ገባው፤ እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ። "መምህር፣ ጫማህን አውልቅ።" አወለቀ። ነጭ ካልሲ። ከንፈራችንን ነከስን።
ጭቃው በየቀኑ ይረገጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይሰነብታል። መድረሱን ሽታው ይናገራል አሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12
ሽታው አይናገርም፣ ይጮሃል። ጋሽ ሞላ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው አለፉ። አባባ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው ጠጋ ብለው አሸተቱና፣ ገና ነው አሉ።
የአንደኛ ክፍል ልጆች በእረፍት እየመጡ ይረግጣሉ። የተኛ የለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15
ደረሰ። ሁለተኛ ግድግዳ በስስ በስሱ መረግን፣ አባባ በእጃቸው ጀርባ እየዳሰሱ። ውሸቴን ደርሰውበታል፤ መ/ር ዳዊትን ጠይቀውታል።  ከዚያ ወዲህ የሚከብደው ባልዲ ለእኔ ሆነ።

ዓርብ፣ ግንቦት 21
ደረቀ። ፀጉር የምታህል አንድ ስንጥቅ አለች፤ አባባ አላየሁም አሉ።
መ/ር ዳዊት የመጀመሪያውን ግድግዳ ኮሚቴው ሳያየው እናፍርሰው አለ። መዶሻ ላመጣ ስሮጥ አባባ ዱላቸውን ዘርግተው መንገድ ዘጉብኝ። ይቁም አሉ። ልጆቹ ጥሩውን ብቻ ካዩ ጭቃ ቀላል መስሏቸው ያድጋሉ። መምህሩ ትንሽ ያፍራል፣ ያልፍለታል።
መ/ር ዳዊት ጠመኔ አነሳና በተሰነጠቀው ላይ በራሱ እጅ ጻፈ፦ ያልተብላላ። ያለመደብኝን አዘንኩለት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22፣ ዘጠኝ ሰዓት
ጋሽ ሞላ የመጀመሪያውን በጣት ነኩ፤ ቁራሹ እጃቸው ላይ ቀረ። ሁለተኛውን በቡጢ መቱ፤ እጃቸውን አሹ። ውሃ ደፉበት። ቆመው ጠበቁ። ምንም። ሲደክማቸው የቆርቆሮው ክምር ላይ ቁጭ አሉ። ቶሎ ተነሱ።
ማንም አልሳቀም። እኔ ትንሽ።
ግድግዳው ጭቃ ይሁን፣ ቆርቆሮው ጣራ ይሆናል አሉ፣ ከመጀመሪያው የራሳቸው ሐሳብ እንደነበረ ሁሉ። ዝናቡ ሳይቀድመን ዛሬውኑ ጭቃ እንረግጣለን። አባባ ደግሞ አባቴን የጓሮዋን ክፍል በጭቃ ሥራልኝ ሊሉት ነው። ለአየር ነው ይላሉ።
እየጠሩኝ ነው። እግርሽን ታጥበሽ ነይ አሉ። ለጭቃ እግር ይታጠባል? እሺ፣ መጣሁ፤ ያ ከባድ ባልዲ ግን ዛሬ ለሌላ ሰው ይሁን።