የበግ ጭራሽ ጸድቋል፣ እማዬ

ለምሳሳልሽ እናቴ ለዶኛ ኤውላሊያ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የቀኝ ዓይንሽስ እንዴት ነው? ፋሻው ከተነሳ ወዲህ ብርሃኑ አላስቸገረሽም? ጠብታውን የምታደርግልሽ ምራትሽ ኖርማ ናት፣ ወይስ እንደ ልማድሽ «እኔ ምን አጥቼ» እያልሽ ራስሽ ጉንጭሽ ላይ ታፈሺዋለሽ? የሞንቴሬይ ሙቀት ጀመረ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ እዚህ ቤቱ ያላንቺ ድምፅ ጭር ብሎብን ነው እንጂ ሁላችንም ደህና ነን።

ተክልሽ ጸድቋል ብዬ በስልክ የነገርኩሽን እንዳላመንሽኝ ወንድሜ ኤሊሴዮ አጫውቶኛል። «ኦፌሊያ ልታጽናናኝ ነው፣ ተክሌ ሞቷል» ብለሽ ሻንጣሽን አልጋ ላይ ዘርግተሻል አሉ። ሐኪሙ ለግራ ዓይንሽ ቀን ቆርጦ ሳለ «በአንዱም ቢሆን አይቼ እሄዳለሁ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቁረጡልኝ» ማለትሽን ስሰማ በእጄ የነበረውን ሳህን ለቀቅሁት። ስለዚህ ነገሩን ከነምኑ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። የልጅ ልጅሽ ያስሚን ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ አንቺም ሳትጨርስ አታቋርጫት።

አክስቴ ኩካ ደውላ «የበግ ጭራሽ፣ ያ ኮሪደሩ ላይ ጭራ ጭራውን አንጠልጥሎ የሚያድገው ተክልሽ፣ እየሞተ ነው» ያለችሽ እውነቷን ነበር። ምን እንደገደለው ግን አልነገረችሽም። አንቺ ለዓይንሽ ወደ ኤሊሴዮ ዘንድ በሄድሽ በሳምንቱ አንድ ጆንያ የቡና ገለፈት አሸክማ መጣች። የኛ ከተማ ሰው ገለፈት የማያድነው ነገር ያለ አይመስለውም፤ ጽጌረዳው ሥር ገለፈት፣ ሎሚው ሥር ገለፈት፣ አክስቴማ ባሏ ቢታመም እግሩ ሥር ታፈስለት ነበር። «ትንሽ ኃይል ይጨምርለት» ብላ ማሰሮውን እስከ አፉ ሞላችው። ከዚያ የብርዱ ወራት ካፊያ መጣ። ገለፈቱ ውሃውን ጠጥቶ አልለቅም አለ። ቅጠሉ ከአንገቱ በኩል ቢጫ እየሆነ፣ ከዚያም እንደ ተቀቀለ ባቄላ እየላመ ይረግፍ ጀመር። በየጠዋቱ ኮሪደሩን ስጠርግ አንድ እፍኝ ቅጠል እሰበስብ ነበር።

አክስቴ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ «የኦፌሊያ እጅ አያጸድቅም፣ ተክሉን ለሷ መተው አልነበረባትም» ስትል ከረመች። ስሜ ከድሮም እንደዚያ ነው፤ እኔ የተከልኩት ናና እንኳ ሳምንት አይቆይም። ሳቢኖ ባሌ ሆኖ «ያንቺ እጅ የፕላስቲክ አበባ ያደርቃል» ይለኛል። ግን እማዬ፣ በየጊዜው ማሰሮ ስትቀይሪ አንሶላውን ይዞልሽ የሚቆመው ማን ነበር? እኔ ነኝ። አንቺ የምታወሪው ከተክሉ ጋር ነበር እንጂ ከኔ ጋር አልነበረም፤ እኔ ግን እሰማሽ ነበር።

መርገፉ የባሰበት ዕለት ልነቅለው ተነስቼ ነበር፤ ራሴን ያዝኩ። ካፊያው ሳያባራ፣ ተክሉም ተኝቶ ሳለ የተነካ ሥር አያገግምም ትይ ነበር። ገለፈቱን በማንኪያ ዝቄ አወጣሁና ማሰሮውን እርጥበት ከማይደርስበት ጣሪያ ሥር አስጠግቼ ውሃ ከለከልኩት። አክስቴ በመጣች ቁጥር ትጮሃለች፦ «አንቺ ልጅ፣ በውሃ ጥም ልትገይው ነው? አጠጪው እንጂ! እኔን እናትሽ ምን ትለኛለች!» እኔም «አክስቴ፣ ውሃ የጠገበ ቅጠል በእስትንፋስ ይረግፋል፤ ትንሽ ጠምቶት ሲለሰልስ ነው የሚነካው» አልኳት። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ!» ብላ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች።

ካፊያው አባርቶ ፀሐይ ሰንበትበት ሲል የጭራዎቹ ጫፍ ላይ ሩዝ የሚያካክሉ አዳዲስ ቅጠሎች ብቅ አሉ። ጊዜው እሱ ነው። በሩን ዘጋሁና ሳቢኖን ማሰሮውን ከመንጠቆው እንዲያወርድልኝ ጠራሁት። ጭራዎቹን እንደ ሹሩባ አንድ ላይ ሰብስቤ በአሮጌ አንሶላ ጠቀለልኳቸውና በጎኑ አስተኛነው። ሳቢኖ «በቃ አንዴ ሳብ አድርጊው» ሲለኝ ጮህኩበት። ሥሩ ማሰሮውን ከውስጥ ተጠምጥሞበት፣ ከታችም በቀዳዳው ወጥቶ ነበር፤ ቢሳብ አንገቱ ይበጠሳል። መዶሻ አንስቼ ማሰሮውን ሰበርኩት። አዎ፣ አያቴ የሰጠችሽን ማሰሮ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ተክሉ ወይስ ማሰሮው ቢሉሽ አንቺም መዶሻውን ነበር የምታነሺ።

የሥሩ እኩሌታ ጠቁሮ ይሸት ነበር። መቀሱን በሳቢኖ የአገዳ አረቄ እየጠረግሁ፣ ነጭና ጠንካራ ሥር እስካገኝ ቆረጥኩ። ሳቢኖ በተክሉ ፈንታ ለአረቄው ያለቅስ ነበር። ከዚያ ቁስሉ እንዲደርቅ ጥላ ውስጥ ራቁቱን አሳደርኩት። ይሄኔ አክስቴ ኩካ ከፑኤብላ ያመጣችውን ያንን ሰማያዊ ሥዕል ያለበት፣ የሠርግ ሾርባ የሚቀቀልበት የሚያክል ማሰሮ ታቅፋ ከች አለች። «ይስፋው፣ ይዘርጋ፣ ደግሞ ያምራል!» ቀዳዳ የለውም። ቢኖረውም ሥሩ የማይደርስበት አፈር ሁሉ ውሃ ቋጥሮ ይቀመጥና እንደገና ያበሰብሰዋል። በትህትና ተቀብዬ ሽንኩርት አስቀመጥኩበት። ለተክሉ ከድሮው በጣት የሚሰፋ፣ ታቹ የተበሳ፣ ያልተቀባ ሸክላ ገዛሁ።

አፈሩን እንዳንቺ አደረግሁ፤ ግማሹ ከዛፍ ሥር የተጠረገ የበሰበሰ ቅጠል፣ ግማሹ የተሰበረ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። የገለፈት ሽታ እንኳ አላስጠጋሁም። ድሮ በነበረበት ልክ አንገቱን አውጥቼ ተከልኩት፤ አፈሩን አልጠቀጠቅሁም፣ ማሰሮውን መታ መታ አድርጌ ራሱ እንዲገባ ነው የተውኩት፤ ከላይ ጠጠር በተንኩበት። ውሃ ግን ለሳምንት ያህል ጠብታ አላየም። ያ ሳምንት እንዴት እንደነበረ አትጠይቂኝ! ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በዚያ በኩል ዞሬ ነበር የምሄደው።

ውሃ ካየ በኋላ አንድ ጠዋት አንገቱን በሁለት ጣቴ ሳብ ባደርገው እሱም መልሶ ያዘኝ። ሥር ሰዷል! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ከዚያ ወዲያ ኩራቴን አትጠይቂኝ። ሳቢኖ «ልጆቹን ስትወልጂ እንኳ እንዲህ አልሆንሽም» አለኝ። የረገፉትን ጤነኛ ቅጠሎችም አልጣልኳቸውም፤ ደረቅ አፈር ላይ በተንኳቸውና እያንዳንዳቸው እንደ ክር ቀጭን ሥር አውጥተዋል።

አሁን ዋናውን ስሚ፤ ባለፈው እሑድ ተሰረቅን! በመንገዱ በኩል የተንጠለጠለው ጭራ በጥፍር ተቀንጥሶ አገኘሁት። መቼም በኛ ሰፈር ተክል ለምኖ የወሰደ እንደማይሆንለት፣ የሰረቀው ግን እንደሚጸድቅለት የማያምን የለም፤ ያንቺም አጸድ ግማሹ የሰው ነው። ሰው ደግሞ እጁ ከማያጸድቅ ሰው አይሰርቅም። በዕድሜዬ ሙሉ ከደጄ አንዲት የናና ቅጠል የነካ አልነበረም! ሳቢኖ «ማን ደፈረን?» ብሎ ሊወጣ ሲል በሸሚዙ ያዝኩት። ቀኑን ሙሉ እየዘፈንኩ ዋልኩ። አክስቴ ኩካ መጥታ ቁርጡን በጣቷ ዳሰሰችው። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወዲያ አዙራ፣ «ልጄ፣ የኔም ተክል ማሰሮው ጠቦታል መሰለኝ፤ መቼ ይመችሻል?» አለችኝ። እማዬ፣ ይህን ጆሮዬ ሰማ!

እንግዲህ ሻንጣሽን መልሰሽ ከአልጋው ሥር አስገቢ። ለኤሊሴዮ ሰላም በይልኝ፤ ትኬት ቢቆርጥልሽ ከኔ ጋር መጣላቱን ይወቅ። ኖርማን ስለምታደርግልሽ ሁሉ እጇን ሳሚልኝ። ያስሚንን ስላነበበችልሽ ግንባሯን ሳሚያት፤ ትንሹ ወንድሟ ቤቶም መነጽርሽን መደበቁን ይተው። ከዚህ ሳቢኖና ልጆቹ ይስሙሻል። አክስቴ ኩካም ሰላም ብላሻለች፤ ስለ ገለፈቱ ግን ዛሬም ትንፍሽ አላለችም።

የበግ ጭራሽን እኔ እጠብቀዋለሁ፣ እችላለሁ። አንቺ የግራ ዓይንሽን አሠሪ። ሌባዋ ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ጎረቤታችን ዶኛ ሜቼ ናት፤ ቅንጣቢውን ከመንገዱ ማዶ መስኮቷ ላይ በሰርዲን ቆርቆሮ ተክላዋለች። አሁን ቢሆን በሰው ምሪት እንኳ መስኮቱን አትለዪውም። ስትመለሺ ከደጃችን ወንበር ሳትነሺ፣ ማንም ሳያሳይሽ፣ ራስሽ አይተሽ ትስቂባታለሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ኦፌሊያ

ኮአቴፔክ፣ ቬራክሩዝ
ኤፕሪል 24 ቀን