በሊፍታችን መብራት የሰው ቁልፍ ለሚፈልጉት ሊቀመንበር

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ስድስተኛ ፎቅ ያለነው ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ስለምንውል ልባችን ጠንክሯል፤ ምስጋናው የእርስዎ ነው። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌም ደክመው የሠሩት ሥራ ተሸፍኖ እንዳይቀር በማሰብ ነው።

፩. በምድር ቤቱ የጋራ መጋዘን ግራፊክስ ካርድ የሚባሉ የኮምፒውተር ማስሊያ ማሽኖችን ደርድረው፣ ባለቤታቸው ያልታወቀ የክሪፕቶ፣ ማለትም የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ቦርሳዎችን ምስጢራዊ ቁልፍ በግምት ለማግኘት መነሳትዎን በስብሰባ ሲያበስሩን፣ «ቁልፉ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ከተፈለገ ይገኛል» ብለውን ነበር። ፊዚክስ የምታስተምረው እህቴ ይህን ስነግራት መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ቀጥላም፣ በዓለም ያለ ግራፊክስ ካርድ ሁሉ ተሰብስቦ ፀሐይ ከተፈጠረች ጀምሮ ሲገምት ቢኖር እንኳ ዛሬም ገና ጀመረ እንደማይባል አስረዳችኝ። ትዕግሥትዎን ግን ሁላችንም እናደንቃለን።

፪. ዕድል ቀንቶዎት አንዱ ቢከፈትም ውስጡ ያለው የሌላ ሰው ንብረት ነው። በየፎቁ እየዞረ የጎረቤት በር ላይ ቁልፍ የሚሞክር ሰው ቢገኝ፣ ጥበቃውን ቀድመው የሚጠሩት እርስዎ እንደሆኑ አልጠራጠርም።

፫. ማሽኖቹ መብራቱን ስለጨረሱት ሊፍቱ ቆመ። ባለፈው ሳምንት አማቴ ትንፋሽ አጥሯቸው በወንበር ተሸክመን ስናወርዳቸው፣ የወንበሩን አንድ እግር ይዘው በላብ መጠመቅዎን አልረሳሁም፤ ይህኛው ምስጋና ከልቤ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልናርፍ ስናስቀምጣቸው፣ ቀና ብለው አዩዎትና «ልጄ፣ ቁልፉ ተገኘ?» አሉዎት። እርስዎም «በቅርቡ ነው፣ እማማ» አሏቸው። «እኔስ ቅርብ የመሰለኝ ሌላ ነገር ነው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኛም ወንበሩን አንስተን ቁልቁል ቀጠልን።

ደግነቱ ተሽሏቸዋል፤ ነገ ከሆስፒታል ይወጣሉ። ሐኪሙ ግን ደረጃ እንዳይወጡ ከልክሏቸዋል። ስለዚህ የዓለምን ቁጥሮች ለጥቂት ጊዜ አሳርፈው፣ አንዲት አሮጊት ቤታቸው የሚገቡበትን ሊፍት እንዲያስነሱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ጉልበታቸው ከዛለ ጎረቤቶችዎ የማያልቅ አክብሮት ጋር፣
የስድስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ልለጥፍ ስወርድ ጥበቃው እንደነገረኝ፣ ከትናንት ጀምሮ ማሽኖቹን ሊያጠፉ ፈልገው፣ ራስዎ ያወጡት የይለፍ ቃል ጠፍቶብዎ በግምት እየሞከሩ ነው። እባክዎ አይድከሙ፤ ሶኬቱን ይንቀሉት።