ሁለት ባላ፣ ሁለት ፊውዝ

ሰኞ፣ የካቲት 1988
አማቴን ኮረንቲ ያዛቸው! ተርፈዋል፣ ተመስገን። የዳቦ ቤታችን የሊጥ ማቡኪያ ማሽን በሥራ መሃል ቀጥ አለ። እሳቸው «መብራት ሄደ» ብለው ክዳኑን ከፍተው የተጣበቀውን ሊጥ ሲጠርጉ ሽቦ ነኩ።  «የቆመ ማሽን ይማታል እንዴ? ሰይጣን አለበት፤ ይሸጥ!» አሉ። ከካምባ ከተማ ገዢ አለ፣ ቅዳሜ ይመጣል። ማሽኑ ከሄደ በእጅ ማቡካት ነው፤ ያ ደግሞ የምራት ሥራ ነው። የኔ!

ማክሰኞ
ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የተማርኩት ለጌጥ አይደለም። ኮረንቲ ሲነካ የሚበራውን ቴስተሬን ይዤ ገባሁ። ማሽኑ በድን ነው፣ ቴስተሩ ግን ቦግ አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን ከፈትኩት። ሁለት ፊውዝ፤ አንዱ ኮረንቲ በሚያመጣው ፌዝ ላይ፣ አንዱ በመመለሻው ኒውትራል ላይ። የተቃጠለው የኒውትራሉ ብቻ! ማሽኑ ቆመ፣ ኮረንቲው ግን እዚያው ውስጥ ሆኖ አማቴን ጠበቃቸው።
እንዲህ የገጠመው ማን ነው? ባለቤቴ ታደለ፣ የሲቀላ ሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ።

ረቡዕ
ተጣላን። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል» አለኝ። «የተንጠለጠለው እኮ ኮረንቲው ነው!» አልኩት። ራቱን ሳይበላ ተኛ። ይተኛ።

ሐሙስ
ጠዋት ራሱ ቴስተሩን ጠየቀኝ። አዲስ ፊውዝ አስገብቶ ማሽኑን አስነሳ። የኒውትራሉን ነቀለ፤ ማሽኑ ቆመ፣ ቴስተሩ በራ። እሱን መልሶ የፌዙን ነቀለ፤ ማሽኑም ቆመ፣ ቴስተሩም ጠፋ። ፊውዙን እጁ ላይ አገላበጠው። ከዚያ «እናቴን ልገድላት ነበር» አለ። አሳዘነኝ። ደስም አለኝ፣ አልዋሽም።
አብረን ሠራን። ፊውዙ ፌዙ ላይ ብቻ፣ ኒውትራሉ ቀጥታ፣ አጠገቡ ሁለቱንም መስመር አንድ ላይ የሚቆርጥ ማጥፊያ።

አርብ
አማቴ አላመኑም። «አንቺ ሳትነኪ እኔ አልነካም» አሉ። ማጥፊያውን አወረድኩ፣ በቴስተር አየሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያል። እንደዛሬ ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ
የካምባው ሰው መጣ። አማቴ «ሐሳባችንን ለወጥን» ብለው ትኩስ ዳቦ አስይዘው ሸኙት። አሸነፍኩ! ታደለ ለሰፈሩ ሁሉ «ኒውትራሉን ለብቻው በፊውዝ አትቁረጡ» እያለ እንደ ራሱ ግኝት ይሰብካል። ይስበክ።
ከሰዓት ከጓዳ ስወጣ አማቴ ሳይጠሩኝ እጃቸውን ማሽኑ ውስጥ ከትተው ሊጥ ይጠርጋሉ። ሮጬ ማጥፊያውን አየሁ። ወርዷል፤ ራሳቸው አውርደውታል።
«ምነው ልጄ?»
«ምንም፣ እማማ» አልኳቸው።