በሩፋኤል ማግስት ሰማያዊ የሆነው ምንጭ

ሰኞ፣ ጳጉሜን 1

«አንቺ ሐኪም ነሽ?» አለኝ ታደለ፣ በሰው ፊት። አይደለሁም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ነካሪ ነኝ። ውሃ ቁልቁል እንደሚወርድ ለማወቅ ግን ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ነገሩን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ያንቀኛል። በሐምሌ በዘመቻ የጋራ ሽንት ቤት ቆፈርን። እኔም ቆፍሬአለሁ፣ መዳፌ ተልጦ ነበር። ሰዉ ሳይመረቅም ይጠቀምበታል፤ ቦታው ግን ከምንጩ በላይ ነው። የሰፈራችን መሬት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እዚያ ብቻ ቀይ አሸዋ ስለሆነ አካፋ ይበቃል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ታደለ ደግሞ ቸኩሏል። መስከረም ሁለት፣ በአብዮት በዓል ቀን አስመርቆ አርአያ ቀበሌ ሊያሰኘን ነው። ቀይ አሸዋ ወንፊት ነው፣ ከላይ የገባው ከታች ይወጣል። ያን ጊዜ አንዳችንም አላሰብነውም። ቦኖው ከሰኔ ጀምሮ ስለደረቀ ሁላችንም የምንቀዳው ከምንጩ ነው። ጳጉሜን ስለገባ ደግሞ ሰዉ በየማለዳው እዚያው ይጠመቃል።

በዚህ ሳምንት የታመሙ፦
የጎረቤቴ የሰይድ ሁለት ልጆች።
የልብስ ሰፊው ሚስት።
ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት መንትዮች።
የእኔ ልጅ፣ ሙሉ። ስድስት ዓመቷ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል። ዓይኗ ጎድጉዷል።

ጤና ጣቢያ ስኳርና ጨው በጥብጠሽ አጠጪያት፣ ውሃውንም አፍልተሽ ነው አሉኝ። በምን ላፍላ? ላምባ ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ሁለት ሳምንቱ። የድሮ ሳጥን ሰብሬ አፈላሁ።

ሽንት ቤቱን ዝጋው አልኩት ታደለን። አብሮ አደጌ ነው፣ ከዚያው ምንጭ አብረን ቀድተናል። «ማስረጃ አምጪ» አለኝ። «ያለማስረጃ የልማት ሥራ የሚያጥላላ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።» አውቃለሁ። ማስረጃ ነው? አመጣለታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 2

ሳምንቱን ሙሉ የምንነክረው ቀይ ነው፣ ለበዓሉ ባንዲራና መፈክር። ወንዙም ቀልቷል። የአቃቂ ሰው ፋብሪካው ምን እንደነከረ ማወቅ ሲፈልግ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ስለዚህ ጉድጓዱ ውስጥ የምደፋው ቀለም ቀይ አይሆንም፤ የፋብሪካው ነው ብለው ይገላገሉኛል። ሰማያዊ ይሁን አልኩ። የቱታ ሰማያዊ ከተነከረ ወር አልፎታል፣ በርሜሉ ግርጌ ግን ደርቆ የተጣበቀ አለ። በማንኪያ ፋቅኩት። በላስቲክ ጠቅልዬ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከትርፍራፊው እንጀራ ሥር ከተትኩት።

በር ላይ ፈታሹ ክዳኑን ከፈተ፣ አየ፣ ከደነ። አምና አንድ ሜትር አቡጀዲ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ የወጣው ሰውዬ እስካሁን አልተፈታም።

ሙሉን ዛሬ አምስት ጊዜ አስቀመጣት። ሽንቷ ቀንሷል። ፈራሁ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 3 (ሩፋኤል)

ተሳካ። ቀለሙን በጥብጬ በጣሳ በጣሳ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። ጣሳ ይዞ ሽንት ቤት የሚገባን ሰው የትኛው አብዮት ጠባቂ ይጠይቃል? ሦስቴ ስመላለስ እማማ ብዙነሽ አዩኝና «ውይ፣ አንቺንም ጀመረሽ እንዴ ልጄ?» ብለው አዘኑልኝ። ሥራ ስውል ሙሉን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ለእሳቸውም አልነገርኩም።

ከቀትር በኋላ የሩፋኤል ዝናብ ጣለ። የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ጨፈሩ፣ ሰው ሁሉ ባልዲና ድስቱን ደጅ ደረደረ። ሙሉ ልውጣ ብላ አለቀሰች። ለማልቀስ አቅም አገኘች ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ሁለት ባልዲ ሞላሁ። ጠብታውም ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ዝነብ፣ ግፋ በለው አልኩት።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 4

ሰማያዊ! ጥርት ያለ የቱታ ሰማያዊ!

ከደስታዬ የተነሳ ጮህኩ። ግን ቀድመውኝ እልል ይሉ ኖሯል። ምንጩ ዙሪያ የቆመው ሰው የጉድ ነው። «ሩፋኤል ነው! ትናንት በዝናቡ ባረከው!» እናቶች ልጆቻቸውን ይነክራሉ፣ ጠርሙስ የያዘ ይሞላል፣ የሚጠጣም አለ። የታደለ ሚስት ሁለት ጠርሙስ ሞልታ በነጠላዋ ሸፍና ሄደች። በዓይኔ ነው ያየኋት።

ይሄን አላሰብኩም። ማስረጃ ላመጣ ብዬ ጠበል አመጣሁ።

አትጠጡ፣ ከሽንት ቤቱ ነው የሚመጣው ብዬ ጮህኩ። «በምን አወቅሽ?» አለ አንዱ። በምን እንዳወቅኩ ከተናገርኩ እስር ቤት ነኝ። ሙሉስ ለማን? ዝም ብዬ ሥራ ገባሁ። አፈርኩ፣ ይኸው ጻፍኩት።

እስከ ምሳ አልቻልኩም። አሞኛል ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ። ስደርስ እማማ ብዙነሽ ሙሉን አቅፈው ሰማያዊውን ውሃ በብርጭቆ ወደ አፏ አስጠግተዋል። ብርጭቆውን በጥፊ መታሁት። ግድግዳው ላይ ተሰበረ። እሳቸው አማተቡ። «ጠበል ደፋሽ!»

«ጠበል አይደለም እማማ። እኔ ነኝ። ከፋብሪካ አምጥቼ ሽንት ቤቱ ውስጥ የደፋሁት ቀለም ነው።»

ጎንበስ ብለው ስባሪውን ለቀሙ። ከዚያ «እኔ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ» አሉ። ጠርሙሳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 5

እማማ ብዙነሽን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳቸው አድሯል። ጠዋት ስሰማ ቆረጥኩ።

ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ነበር፣ ለበዓሉ ዝግጅት። ታደለ ስለምንጩ ተጠየቀና ጉሮሮውን ጠረገ። ጠበል የሚባል ነገር የለም፣ የፋብሪካ ቀለም ነው አለ። እጄን አወጣሁ።

«ፋብሪካው ሳምንቱን ሙሉ ቀይ ነው የነከረው። ያላመነ ድልድዩ ላይ ሄዶ ወንዙን ይይ። ሰማያዊውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ረቡዕ ጠዋት ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋሁት፣ ሐሙስ ጠዋት ከምንጩ ወጣ። ቀለሙ በመጣበት መንገድ ሌላውም ይመጣል። ማስረጃ አምጪ አልከኝ ጓድ ታደለ፣ ይኸው።»

ታደለ እስክሪብቶውን አነሳ። «የሕዝብ ንብረት መስረቅሽን በሕዝብ ፊት አምነሻል።»

«አምኛለሁ። ጻፈው። ከሥሩም የታመሙትን ልጆች ስም ጻፍ፣ እኔ ልንገርህ።»

ያኔ እማማ ብዙነሽ ከኋላ ተነሱ። በሰው ተደግፈው ነው የመጡት። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ባንዲራው አጠገብ አስቀመጡት። «እንግዲያ ሌባዋን እሰርና ይሄን ጠጣ። የፋብሪካ ነው ካልክ ምን ያስፈራሃል?» ታደለ ጠርሙሱን አየ እንጂ አልነካውም። «ደግሞ ቤትህ ሁለት አለ» አሉት፣ «ሚስትህን ጠይቃት።» ሰዉ ሳቀ። ታደለ ግን አልሳቀም፣ ላብ አጥምቆት እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። የሚስቱን ጠበል ቀምሶ ኖሯል፣ የኛ ሊቀመንበር!

ቅዳሜ፣ መስከረም 1

እንቁጣጣሽ። ሙሉ እንጀራ ጠየቀችኝ። እንጀራ! ሁለት ጉርሻ በልታ ተኛች፣ አላስመለሳትም። አለቀስኩ።

ሰይድ በሚነዳው የጭነት መኪና ሁለት በርሜል የቧንቧ ውሃ ከከተማ አመጣና ደጃፉ ላይ አቆመው። «ለልጆቹ ብቻ! ጎልማሳ እንዳይጠጋ!» እያለ ሲያከፋፍል ዋለ። ለእማማ ብዙነሽ ግን ቤታቸው ድረስ ወሰደላቸው። ተሽሏቸዋል። ብርጭቆዬን ትተኪያለሽ አሉኝ።

እሑድ፣ መስከረም 2

ምረቃው ቀረ። ታደለ ሌሊቱን ሲያስቀምጠው አድሮ ከስቶ መጣ። ሪባኑን አልቆረጠም፣ በሩ ላይ ሁለት ጣውላ በመስቀለኛ አስመታበት። ጉድጓዱ ከምንጩ በታች፣ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ እንደገና ይቆፈራል ብሎ አስታወቀ። ምንጩ ታጥሯል። የቦኖው ውሃ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። መዶሻ ለመያዝ መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ ነገ ካልታሰርኩ።

ከፋብሪካው መጥሪያ ትናንት ደርሶኛል። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ፋብሪካው ቢሮ ቀርቤ ስለጠፋው ቀለም መልስ እንድሰጥ። ለፋብሪካው የጠቆመው ታደለ ይሁን ሌላ ሰው አላውቅም። ዛሬ ሲያልፍ «ሙሉ እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ዓይኔን ግን አላየኝም።

ለሙሉ የሁለት ቀን ልብስ አጥቤ እማማ ብዙነሽ ጋ አስቀመጥኩ። ለምናልባቱ ነው። «ነገ ማታ መጥተሽ ትወስጃታለሽ፣ አታሟርቺ» አሉኝ። ከዚያ እጄን ይዘው አዩት። ቀዩ ለቋል፣ ሰማያዊው ግን ጥፍሬ ሥርና በጣቶቼ መሐል እንዳለ ነው። በአመድ እሺው፣ ማስረጃ ይሆንብሻል አሉ።

አላሸውም። ማስረጃ አይደል ሲፈልጉ የከረሙት? እንዲሁ ይዤው እገባለሁ።