ልጅሽ የማም ፑሪ ተማሪ

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለማናንግ ቤርታ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ከባሕሩ ዳር እስከ ቤት ያለውን ዳገት እያረፍሽ ነው የምትወጪው ወይስ እንደ ልማድሽ ቅርጫቱን ተሸክመሽ ሳትቆሚ? የእናታችን ሳል ለቀቃት? ሊዮን ጀልባውን ጠገነ? ያ ክፉ ነፋስ የጎረቤቶቻችሁን ጣሪያ ገነጠለ ሲባል ሰምቻለሁና የእናንተ ቆርቆሮ በቦታው መሆኑን ካልጻፍሽልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። እኔ፣ ምስጋና ለሕፃኑ ኢየሱስ፣ ከሆዴ በቀር ደህና ነኝ። ሆዴን ያመመኝ ምግብ አይደለም፣ ሰው ነው። ዛሬ የምጽፍልሽም ስለዚያ ሰው ነው።

የልጅሽን የሩፊኖን ውጤት ለመስማት እንደቸኮልሽ አውቃለሁ። አንቺ ደግሞ ደብዳቤ ሲመጣልሽ ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ የምታነቢ ሴት ነሽ። እባክሽ ወረቀቱን አትገልብጪ፤ በተራው ይመጣል። ልጁ በጤናው ነው፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ልብስሽን እንዳትቀድጂ።

ትምህርት ሲጀመር የላክሽልኝ ደብዳቤ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «ፒድዮ፣ ልጄ በዚህ ትምህርት አንዴ ወድቋል። ዳግመኛ ከወደቀ ከምህንድስና ተባርሮ ወደ አባቱ መረብ መመለሱ ነው። ያቺ ሴትዮ ልታጠፋው ነው። አንተም ያንኑ ታስተምር የለ? ወደ ራስህ ክፍል ውሰደው» ብለሽኝ ነበር። መልሴን ስላዘገየሁ ቅር እንዳልሽ ገብቶኛል። ያዘገየሁት ስለረሳሁ አይደለም፤ ለመጻፍ አፍሬ ነው።

ያቺ ሴትዮ ኢንጂነር ፑሪፊካስዮን ቱሙላክ ትባላለች፤ እዚህ ሁሉም ማም ፑሪ ነው የሚላት። ድልድይና ሕንፃ ሸክሙን እንዴት ችሎ እንደሚቆም የሚሰላበትን ትምህርት የምናስተምረው እኔና እሷ ነን፣ አንዱን ክፍል እሷ፣ ሌላውን እኔ። ቁመቷ ከትከሻዬ አይደርስም። ዘነበም አልዘነበ ጃንጥላዋን አትለቅም። ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም፤ ድምጿን ዝቅ ባደረገች ቁጥር ግን ተማሪው ወንበሩ ውስጥ ይሰምጣል።

ተማሪው ስለ እሷ የሚለውን ልንገርሽ። ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ኒታ የምትባል ሴት ምግብ ቤት አላት። እኔም ምሳዬን እዚያው ነው የምበላው፣ ጥግ ይዤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ። ልጆቹ ጀርባ የሰጠ ሰው ጆሮ የሌለው ይመስላቸዋል። «ዛሬ ምን አለችኝ መሰላችሁ! 'አንተ በሠራኸው ድልድይ ላይ ውሻዬን እንኳ አላሳልፍም!'» ይላል አንዱ። «አንተስ ታድለህ! እኔን 'በዚህኛው ሥር ዓሣም አይዋኝ' አለችኝ» ይላል ሌላው። «እኔ መልሱን በትክክል ሠርቼ 'ይሄማ አጋጣሚ ነው፣ ድገሚው' ብላ አጠፋችብኝ እኮ! አያቴ ስትሞት እንደዚያ አላለቀስኩም» ትላለች አንዷ። «እናቴ የፈተናዋ ቀን ሻማ ታበራለች፤ ለእኔ እንዳይመስላችሁ፣ ለእሷ ነው፣ ልቧ እንዲራራ!» «ጭራቅ ናት!» «ጭራቅማ አንዴ በልቶ ይገላግልሃል!» ከዚያ ሁሉም ይንከተከታሉ። ሳቁ ሲበርድ ግን፣ ማናንግ፣ ሁልጊዜ አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ግን እኮ አሁን ድልድይ ስር ሳልፍ ሳላስበው ቀና ብዬ ምሰሶውን አያለሁ» ይላል። «እኔም!» ይላል ሌላው። «እኔም!» አንጀቴን የምታሳርረው ይህቺ «እኔም» ናት።

አንድ ቀን አንድ አዲስ ልጅ፣ «ሰር ፒድዮስ እንዴት ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ማንኪያዬን ወደ አፌ ሳላደርስ አቆምኩት። «ሰር ፒድዮ? ደግ ናቸው» አሉት። በቃ፣ ይኸው ነው። ወዲያው «ኒታ፣ ሾርባ ጨምሪልን!» ብለው ወደ ሾርባቸው ተመለሱ። እሷን ምሳውን ሙሉ ሲሰድቧት ውለው አይጠግቡም፤ ለእኔ አንዲት ቃል፣ እሷም ሳትታኘክ የተዋጠች። ይህን ሁሉ ዓመት አስተምሬ አንድ ሰው እንኳ ከልቡ ሊሰድበኝ አልበቃሁም? የመንግሥትን የመሐንዲስነት ፈቃድ ፈተና ያለፉት ደግሞ ኬክ ይዘው ሲመጡ በቀጥታ ወደ እሷ ክፍል ነው። «ኬክ ከምትሸከም ሒሳብህን ሁለቴ ብታይ ይሻልሃል» ትላቸዋለች፤ እነሱም የተባረኩ ያህል ፊታቸው እያበራ ይወጣሉ። እኔን በኮሪደሩ ሲያልፉ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። ቀናሁ፣ እህቴ። አልዋሽሽም፣ ጃንጥላዋን ሳይ እንኳ ደሜ ይፈላል።

እና ያንቺ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አስቢው። ልጅሽን ከእሷ ክፍል ነጥቄ ስወጣ ታየኝ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ለትምህርት ወደዚህ ከላክሽው ጀምሮ ሩፊኖን ከትንሽነቱ እቤቴ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ የእኔ ሳይሆን የማን ተማሪ ሊሆን ነው? የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ ውሃ ሲቀዳ ቀረብኩና፣ «ከነገ ጀምሮ እኔ ክፍል ትገባለህ፣ እናትህም ብላለች» አልኩት። ባልዲውን አስቀመጠ። «ትዮ፣ አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ ጋ ባልፍ ያለፍኩት እኔ መሆኔን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ክፋት የለውም፣ ፊቱን አየሁት፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ገብቼ የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠረግኩ።

ለጊዜው ተውኩት። በልቤ ግን፣ ትንሽ ይንገላታና በራሱ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ነበር። ከሳምንታት በኋላ እዚያው ኒታ ቤት ጥጌን ይዤ ስበላ ፍሎርዴሊስ የምትባለዋን የሩፊኖን የክፍል ጓደኛ ሰማኋት። «ያ ከካሞቴስ ደሴት የመጣው ልጅ ዛሬም ቆሞ ዋለ!» አለች። «ምን አድርጎ?» «ማም ፑሪ ሰሌዳው ላይ ጠርታው ተሳሳተ። 'ስታቲክስ ማን ነው ያስተማረህ?' አለችው። ዝም። 'ካልነገርከኝ አትቀመጥም።' ዝም! ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው፣ ትጠይቀዋለች፣ አይመልስም፣ ደወል እስኪደወል ይቆማል። ድንጋይ ነው ልጁ!» «ስታቲክስን እኮ ያስተማሩት አጎቱ ናቸው፣ ሰር ፒድዮ» አለ አንዱ። «ታዲያ ለምን አይናገርም?» «አንተ ብትሆን ትናገር ነበር? ባለፈው ሮሜል ስማቸውን ሲጠራ ክፍሉ በሳቅ አልፈረሰም?»

ስታቲክስ የዚህ ትምህርት መሠረት ነው፣ ማናንግ። አዎ፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በደንብ ነው ያስተማርኩት፤ ማንም የፈለገውን ይበል። ሩዙን ግን ሳልጨርስ ሳህኑን ገፋሁት። ልጁ ማታ ማታ ወንበር ላይ ሲወድቅ የሰነፈ እየመሰለኝ እቆጣው ነበር፤ ለካ በእኔ የተነሳ ሲቆም ነው የሚውለው።

ተነስቼ በቀጥታ ወደ እሷ ክፍል ሄድኩ። የተቀቀለ ሙዝ እየላጠች ነበር። «ልጄን ልወስደው ነው» አልኳት፤ «የእህቴን ልጅ» ማለቴ ነበር፣ እንዲያ ሆኖ አመለጠኝ። «ውሰደው» አለችኝ ቀና ሳትል። «አንተ ጋ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ድልድይ ይሠራል፤ ድልድዩም እንዳንተ ደግ መሆኑን እናያለን።» የመጣብኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ ጨካኝ አልኳት፣ በልጁ ትጫወቻለሽ አልኳት፣ ማን እንዳስተማረው እያወቅሽ ትጠይቂዋለሽ አልኳት። «አዎ፣ አውቃለሁ» አለች። «መጀመሪያ ቀን በንዴት ጠየቅኩት። ዝም ሲል ደግሞ በእልህ ጠየቅኩት። አሁን የምጠይቀው...» ብላ ሙዙን አስቀመጠች። «ፒድዮ፣ ስንቱ ተማሪ ነው በእጄ ያለፈው። ይፈሩኛል፣ ወጥተው ስሜን እያነሱ ይኮሩብኛል። እኔን ላለማስነካት ብሎ እግሩ እስኪዝል የሚቆምልኝ ግን አንድም አልነበረኝም። እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ደግሜ ማየት እፈልጋለሁ። ሂድ አሁን፣ ምሳዬን ልብላበት።»

እየቀናችብኝ ነው! ማም ፑሪ፣ በእኔ! ደረጃውን ስወርድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። እና ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ፣ ለዚህ ነው ለመጻፍ ያፈርኩት። ልጅሽን አልወሰድኩትም። ያልወሰድኩትም ለእሱ አስቤ ነው ብዬ ባሳምንሽ ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን በየቀኑ እያየችው ትንገብገብ ብዬ ነው የተውኩት። አንቺ ባሕር ማዶ ልብሽ ተንጠልጥሎ፣ እኔ እዚህ በልጅሽ የወደፊት ሕይወት እልኬን ስወጣ። ስድብሽን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ እቀበላለሁ።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ከበላን በኋላ የመጥረጊያውን እንጨት በሁለት ወንበሮች ላይ አጋድሜ፣ የሩዙን ድስት አንዴ መሃሉ ላይ አንዴ ጫፉ ላይ እየሰቀልኩ፣ የትኛው ወንበር ምን ያህል እንደሚሸከም እጠይቀው ጀመር። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሲሳሳት «ደህና ነው» ማለት ልማዴ ነበር፤ ምላሴን ነክሼ «ድገመው» አልኩት። ደነገጠና ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያም ደገመው። እንጨቱ ተሰብሮ ሩዙ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ዕለት ሁለታችንም እስክናለቅስ ስቀናል።

አሁን ተራው ደረሰ። ውጤቱ አርብ ዕለት ታች ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ማንም ሳይመጣ ማልጄ ሄጄ አየሁት። ከማም ፑሪ ክፍል እኩሌታው ወድቋል። ሩፊኖ አልፏል! ያለፈው በሦስት ነው፣ በመጨረሻዋ ማለፊያ፣ ግን በእሷ እጅ ነው ያለፈው፤ ሦስቷን ማንም አልለገሰውም። አሁን ቁጭ በይና አልቅሺ፣ ከዚያም ለእናታችን ንገሪያት።

እኔ ግን ወደ ቢሮዬ ሮጥኩ። ፀጉሬን አበጠርኩ። ከኒታ ቤት ሁለት ቀዝቃዛ ለስላሳ አስመጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፣ ወረቀት የማርም መስዬም ተቀመጥኩ። የእኔ ክፍል ከደረጃው አጠገብ ነው፣ የእሷ ከኮሪደሩ ማዶ መጨረሻ ላይ። ከታች ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያም በደረጃው ላይ የሚሮጥ እግር። እርምጃውን አውቀዋለሁ፣ እኔው አይደለሁ ያሳደግኩት? ብድግ አልኩ። በሬን አልፎ ሄደ። ሸሚዙ በመስኮቱ ውልብ ሲል ብቻ ነው ያየሁት። ወዲያው ከማዶ የእሷን ድምፅ ሰማሁ፤ የተናገረችውን አልለየሁም፣ ቀጥሎ ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ማንም ሰምቶት የማያውቀው ነገር ሆነ፤ ማም ፑሪ ሳቀች።

መጀመሪያ ወደ እሷ ቢሄድ ምን አለበት፣ ፈተናው የእሷ ነው አልኩ ለራሴ። ሲመለስ ማንኳኳት እንዳያስፈልገው ተነስቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩለት። ተቀመጥኩ። ለስላሳው መሞቅ ጀመረ። ያ ኮሪደር በማዶም በኩል ደረጃ አለው፣ ማናንግ። በዚያኛው ወርዷል።

ወደ ቤት ስገባ በር ላይ ጠበቀኝ። «ትዮ፣ አለፍኩ! ትዮ፣ በማም ፑሪ!» ብሎ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። «እውነትህን ነው?» አልኩት። ሰሌዳውን ገና እንዳላየሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ በዝቶብኝ እንደዋለ ነገርኩት። እሱም አምኖኝ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም ተረከልኝ፤ ምን እንዳለችው፣ እንዴት እንደሳቀች። እኔም ስለ እሷ የሚለውን ሁሉ እስኪጨርስ ሰማሁት።

ይህን ደብዳቤ በካፒቴን ኢስኮ ጀልባ የላክሁት ከልጁ ቀድሞ እንዲደርስሽ ነው። እሱ ለሙታን መታሰቢያ ቀን መቃብር ልታጸዱ ስትሉ ይደርሳል። ሲነግርሽ እንዳልሰማ ሁኚለት፣ ጩኺ፣ ቅርጫቱን ጣይ፤ እኔ ማስመሰሉን ካወቅኩበት አንቺማ አያቅትሽም። ቀድሞ ለማን እንደነገረ ብቻ አትጠይቂው።

የእናታችንን እጅ በእኔ ፈንታ ግንባርሽ ላይ አድርገሽ ምርቃቷን ተቀበዪልኝ፤ ሳሏ እንዲለቃት መድኃኒቱን ከልጁ ጋር ልኬያለሁ። ለሊዮን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ሞተሩን ጠግኖ ሳይጨርስ ባሕር እንዳይገባ። ለሎርና በሒሳቧ እንድትበረታ ንገሪያት፤ ወደዚህ ስትመጣ እኔ ክፍል እንድትገባ ከአሁኑ ቃል አስገቢያት። የትንሹን የቶቶን ሁለት ጉንጮች ሳሚልኝ። ለጎረቤቶችሽም፣ ጣሪያቸው ለሄደውም ላልሄደውም፣ ፒድዮ ጠይቋችኋል በዪልኝ።

ወንድምሽ ፒድዮ
ሴቡ ከተማ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1996